አሰልጣኟ ተመለሰች፤ ስልጠናው ግን መንገድ ላይ ቀረ

አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። መቱ ከተማ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ለአምስት ቀናት ሲሰጥ የቆየ ስልጠና ሊዘጋ ነው። ባነሩ ፊት የቡድን ፎቶ ይነሳል፤ ሰርተፍኬት ይታደላል፤ የውሎ አበል ይፈረማል። ከአልጌ፣ ከዲዱ፣ ከዳሪሙ፣ ከቡሬ የመጡት ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ይወርዳሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በወረቀት «አሰልጣኝ» ናቸው። የኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠርን ትምህርት ለባልደረቦቻቸው እንዲያደርሱ አደራ ተሰጥቷቸዋል።

ሰኞ ጠዋት አንደኛዋ ነርስ ጤና ጣቢያዋ ትገባለች። ታካሚው ከካርድ ክፍሉ እስከ ግቢው በር ተሰልፏል። የአምስት ቀን ሥራ ተጠራቅሞ ይጠብቃታል። ስትሸፍንላት የከረመችው ባልደረባዋ ደግሞ በተራዋ ዕረፍት ትጠይቃለች። ኃላፊው «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የስልጠናውን ሪፖርት አስገቢ» ይላታል። ታስገባለች። ማኑዋሉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ሰርተፍኬቱ ከፋይሏ ጋር ይታሰራል። በዚያው ሰዓት በኮሪደሩ ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የማዋለጃ ክፍሉን ወለል የወለወለችበትን መወልወያ ሳትቀይር ወደ ክትባት ክፍል ትሻገራለች። የሚነግራት የለም፤ እንድታስተምራት የተላከችው ነርስ ወረፋ እያስተናገደች ነው።

ይህ የአንድ ተቋም ወይም የአንዲት ነርስ ታሪክ አይደለም። በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ውስጥ «የአሰልጣኞች ስልጠና»፣ በተለመደው አጠራሩ «ቲኦቲ»፣ የሚባለውን አሠራር የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ሰኞ ነው። አርብ ላይ ተቆጥሮ ወደ በላይ አካል የሚላክ ቁጥር አለ፤ ሰኞን የሚቆጥር ግን የለም። የኢሉባቦር ከተሞች ኢንፌክሽንን መከላከል ያቃታቸው ዕውቀቱ ስላልደረሰ ብቻ ሳይሆን፣ ዕውቀቱን የያዘው ሰው እንዲያስተምር ጊዜ፣ ሥልጣንና ተማሪ ስላልተሰጠው ነው።

አሠራሩ በራሱ ስህተት አይደለም

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አሰልጣኞችን ማሰልጠን ከንቱ ነገር አይደለም። እንዲያውም እንደ ኢሉባቦር ላለ አካባቢ ከዚህ የተሻለ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል።

መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከመቱ በአንድ በኩል ጎሬ አለች፤ ከጎሬ አልፎ መንገዱ ቁልቁል ወደ ቡሬና ጋምቤላ ይወርዳል። በሌላ በኩል ሁሩሙ፣ ያዮ፣ ከዚያም ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው በደሌ ትገኛለች። በእነዚህ መካከል በቡና ጫካ ውስጥ የተበተኑ፣ በክረምት መንገዳቸው በጭቃ የሚያዝ ወረዳዎች አሉ። የአዲስ አበባ ባለሙያ እያንዳንዱን ጤና ጣቢያ ልዙር ቢል ዓመት አይበቃውም። ከየተቋሙ አንድ ሁለት ሰው መቱ ላይ አሰልጥኖ መመለስና እነሱ ሌላውን እንዲያስተምሩ ማድረግ ግን ይቻላል። 25 ሰዎች ሰልጥነው እያንዳንዳቸው 20 ባልደረባ ቢያስተምሩ 500 ሰው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ።

ችግሩ ሎሚው ከአንዱ ሰው ትከሻ አለመውረዱ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የሒሳቡን ሌላ ገጽታ ማየት ይገባል። ስልጠናው ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞንና ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ተቋሙ ሠራተኛ ሲወርድ በየደረጃው የተወሰነ ይጎድላል። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ርክክብ ከትምህርቱ 70 በመቶው ብቻ ተላለፈ እንበል። 70 በመቶ መጥፎ ውጤት አይደለም፤ በፈተና ቢሆን ያሳልፋል። ሦስተኛው ርክክብ ላይ ሲደረስ ግን የሚቀረው 34 በመቶ ነው፤ ከመጀመሪያው ትምህርት አንድ ሦስተኛው። ይህም ሁሉም ሰው የማስተማር ድርሻውን ከተወጣ ነው። አንዱ ደረጃ ከነጭራሹ ከተዘለለ ሒሳቡ ዜሮ ይሆናል።

ዋጋው በሰው ሕይወት ነው የሚከፈለው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዓለም አቀፍ ሪፖርት መሠረት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች ውስጥ 15ቱ ይዘውት ባልመጡት፣ እዚያው በያዛቸው ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይጠቃሉ። ባለጸጋ በሆኑት ሀገራት ቁጥሩ 7 ነው። ከተያዙት ውስጥ ከ10 አንዱ ይሞታል። ያው ሪፖርት የእጅ ንጽህናና ሌሎች ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ሥራዎች በአግባቡ ቢሠሩ ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑትን ማስቀረት እንደሚቻል ይገልጻል።

ቁጥሩን ወደ ኢሉባቦር ማምጣት ከባድ አይደለም። ምጥ ጠንቶባት ከገጠር ቀበሌ በአምቡላንስ ወደ መቱ የተላከች እናት በቀዶ ሕክምና ትገላገላለች። ሐኪሙ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ሕጻኑ አልቅሷል፤ ቤተሰቡ እግዜርን አመስግኗል። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ይመግላል፤ ትኩሳት ይነሳል። ቤተሰቡ አንድ ከረጢት ቡና ሸጦ ያመጣው ገንዘብ ለመመለሻ ትራንስፖርት የታሰበ ነበር፤ አሁን ለአንቲባዮቲክ ይሄዳል። መድኃኒቱ ላይሠራም ይችላል፤ በጤና ተቋማት ውስጥ የሚዛመቱ ብዙ ተሕዋስያን መድኃኒት የለመዱ ናቸውና። ቤተሰቡ በኋላ «ኦፕራሲዮኑ አልተስማማትም» ይላል። ቁስሏን የጠረገው እጅ ከማን አልጋ እንደመጣ የሚጠይቅ አይኖርም።

ሠራተኛውም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ በተገኘ ጊዜ ሀገሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት እጅ መታጠብን እንደ አዲስ ተማረ። በየሱቁና በየባንኩ በር ጄሪካንና ሳሙና ተሰለፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጄሪካኑ ተነሳ። ህዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሀገሪቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የማርበርግ ቫይረስ በጂንካ መከሰቱ ተረጋገጠ። ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ። ማርበርግ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያገኘው አስታማሚውን፣ አካሚውንና አንሶላውን የሚያጥበውን ሰው ነው። ጂንካ ከመቱ ሩቅ ናት፤ ነገር ግን ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰነው ጋምቤላ አፋፍ ላይ ለተቀመጠ ዞን «ሩቅ ነው» የሚለው ቃል መጽናኛ አይሆንም። ወረርሽኝ ሲመጣ አዲስ ስልጠና ለመጀመር ጊዜ አይኖርም፤ የሚያድነው ትናንት የተለመደው ነው።

የቪየናው ሐኪም ያልቻለው ነገር

መቱ ካርል ሆስፒታል በስሙ ከኦስትሪያ ጋር የተሳሰረ ነው። ካርል የሚለው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረተው፣ ኢትዮጵያን ሁለተኛ ሀገሩ ያደረገው ኦስትሪያዊ ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም ነው። የኢንፌክሽን መከላከል ታሪክም ከአንድ የኦስትሪያ ሆስፒታል ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም ሁለት የማዋለጃ ክፍሎችን አነጻጸረ። በአንደኛው የሚሠሩት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ነበሩ። እናቶች የሚያልቁት ሐኪሞቹ ባሉበት ክፍል ነበር። ነፍሰ ጡሮች ይህን አውቀው ወደ አዋላጆቹ ክፍል እንዲገቡ ይለምኑ ነበር። ሐኪሞቹ አስከሬን ከሚመረምሩበት ክፍል ተነስተው እጃቸውን በወጉ ሳይታጠቡ ወደ ወላዷ ይሄዱ ነበር፤ አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። ሴመልዌይስ ሁሉም በክሎሪን ውህድ፣ የዛሬው በረኪና ዘመድ በሆነ ፈሳሽ፣ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ወር 18 በመቶ ደርሶ የነበረው የእናቶች ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 በመቶ ወረደ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ዋናው ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሴመልዌይስ እውነቱን ያዘ፤ ማስተማሩ ግን አልሆነለትም። መጽሐፉን ያሳተመው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ያልተቀበሉትን ባልደረቦቹን በነፍሰ ገዳይነት ወነጀለ። የቪየና ሥራውን አጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሌሎች የአውሮፓ ሆስፒታሎች እናቶች መሞታቸውን ቀጠሉ። መድኃኒቱ አንድ ባልዲ ውሃና ክሎሪን ነበር፤ የጠፋው ከአንዱ ሰው እጅ ወደ ሌላው እጅ የሚያሻግረው መንገድ ነው።

ከአርብ ወደ ሰኞ የተመለሰችው ነርስ ችግርም ከሴመልዌይስ ችግር ብዙ አይርቅም። ታውቃለች። የእጅ ንጽህና የሚጠበቅባቸውን አምስቱን ጊዜዎች በቃሏ ትላለች፦ ታካሚ ከመንካት በፊት፣ ንጽህና የሚፈልግ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚ ከነኩ በኋላ፣ በታካሚው ዙሪያ ያለ ዕቃ ከነኩ በኋላ። የምታውቀውን ለማን፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደምታስተምር ግን አልተነገራትም።

መንገዱ የሚቆረጥባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ምርጫው ነው። ለስልጠና ሰው ይላክ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚነሳው ጥያቄ «ማን ማስተማር ይችላል?» የሚል አይደለም። «ተራው የማን ነው?» የሚል ነው። ሊፈረድበት አይገባም። የጤና ባለሙያው ደመወዝ ኑሮውን አልሸፍን ብሎት በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ ድምፁን ያሰማው ያለ ምክንያት አልነበረም። እንዲህ ባለ ኑሮ የአምስት ቀን አበል ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለሁሉም በየተራ እንዲደርስ መፈለግ ፍትሕ ይመስላል። ውጤቱ ግን የማስተማር ፍላጎትም ሆነ ችሎታ የሌለው ሰው አሰልጣኝ ተብሎ መመለሱ፣ ሌሎችን የምታርመው፣ ሁሉም የሚሰማት አንጋፋ አዋላጅ ደግሞ ተራዋ ስላልሆነ መቅረቷ ነው።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ማኑዋሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስላይዱም እንዲሁ። አሰልጣኙ አማርኛና እንግሊዝኛ እያቀላቀለ ያብራራል። የኢሉባቦር ታካሚ፣ አስታማሚ፣ ጥበቃና የጽዳት ሠራተኛ አብዛኛው የሚናገረው ግን አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ መቱ ላይ የሰለጠነችው ነርስ ከይዘቱ ሌላ ትርጉሙንም በራሷ እንድትሠራ ተፈርዶባታል። «ዲኮንታሚኔሽን» የሚለውን ቃል ለልብስ አጣቢዋ በምን ብላ ትንገራት? አዳራሹ ውስጥ ያልተተረጎመ ቃል ዋርድ ውስጥ በራሱ አይተረጎምም። ግድግዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተለጠፈ ፖስተርም ማንበብ ለማትችል ሴት ጌጥ ነው።

ሦስተኛው ራሱ አዳራሹ ነው። እጅ መታጠብ በስላይድ አይለመድም። ጓንት ሲወልቅ ውጪው ወደ ውስጥ መገልበጥ እንዳለበት፣ ያገለገለ መርፌ መልሶ ሳይከደን ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መግባት እንዳለበት፣ በረኪና ሲበጠበጥ የውሃው ልክ ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ተሠርቶ ነው። 5 በመቶ በረኪናን ወደ 0.5 በመቶ ለማውረድ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ይህ ሒሳብ አዳራሽ ውስጥ ለሁሉም ግልጽ ነው። ዋርድ ውስጥ ግን ባልዲው ምልክት የለውም፤ የበረኪናው ጠርሙስ ጥንካሬው አልተጻፈበትም፤ ስለዚህ «እስኪሸት ድረስ» ይጨመራል። በአዳራሹና በባልዲው መካከል ያለውን ይህን ክፍተት የሚሞላው ባልዲው አጠገብ የቆመ አስተማሪ ብቻ ነው።

አራተኛው አሮጌ ዕውቀት ነው። በኢትዮጵያ ስልጠናዎች ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ትምህርት ያገለገለ የሕክምና መሣሪያ ከመታጠቡ በፊት 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከማጠብ በፊት ክሎሪን ውስጥ መዘፍዘፍን አይመክርም፤ መሣሪያውን ያዝጋል፣ ደም ያለበት ቦታ ላይ ክሎሪኑ ኃይሉን ያጣል፣ ሠራተኛውንም የዳነ መስሎት ያዘናጋዋል። ትልቁ ቁም ነገር ቶሎ ማጽዳት፣ ከዚያ በአውቶክሌቭ መቀቀል ነው። ከ10 ዓመት በፊት የሰለጠነ አሰልጣኝ ግን ማን ይንገረው? ሰርተፍኬቱ የሚያበቃበት ቀን የለውም። አንዴ አሰልጣኝ የተባለ ሰው ለሁልጊዜው አሰልጣኝ ነው፤ ስህተቱንም በትጋት ያስተላልፋል።

ከስም ዝርዝሩ የተረሱት

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ግን በስልጠናው ተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ ይታያል። ዝርዝሩ ላይ ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ፣ አዋላጅ አለ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ። በቀን ውስጥ ከሁሉም በላይ ደም፣ መግልና ቆሻሻ የምትነካው የጽዳት ሠራተኛ የለችም። የእንግዴ ልጁን ተሸክማ ወደ ጉድጓድ የምትወስደው እሷ ናት። ጥቁሩን ባልዲ ከቢጫው የምትለየው፣ ወይም ሳትለይ በአንድ ከረጢት የምትደፋው እሷ ናት። ሴፍቲ ቦክሱን ወደ ማቃጠያው የምታደርሰውና በመርፌ የምትወጋውም እሷው ናት። እሷን የማይጨምር የኢንፌክሽን መከላከል ስልጠና ከቤቱ ሰው ሁሉ ውሃ ቀጂዋን ትቶ ስለ ውሃ እንደመምከር ነው።

ከእሷ ቀጥሎ የተረሳው አስታማሚው ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሽንቱን የሚደፋው፣ ከአጠገቡ መሬት ላይ የሚተኛው ቤተሰቡ ነው። በእጅ ሲቆጠር በአንድ ዋርድ ውስጥ ከነርሶቹ ይልቅ የአስታማሚዎቹ እጅ ይበዛል። ይህን ሕዝብ ስለ እጅ መታጠብ ከዜሮ ማስተማር አያስፈልግም። በኢሉባቦርም ሆነ በሌላው የሀገሪቱ ክፍል እንግዳ መጥቶ ሳያስታጥቡ ገበታ ማቅረብ ነውር ነው። ልጅ ውሃና ማስታጠቢያ ይዞ በታላላቆች ፊት ጎንበስ ብሎ ያድጋል። ባህሉ አለ። የጎደለው ገበታ ፊት የሚደረገው አልጋ ፊትም እንዲደረግ የሚያገናኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በራሱ ቋንቋ፣ በሚያከብረው ሰው አፍ የተነገረ።

«ውሃ በሌለበት ምን ስልጠና?»

ትክክለኛ ተቃውሞ አለ፤ ሊታለፍም አይገባም። በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ ባለሙያዎች «ቧንቧው ሲደርቅ እየዋለ፣ ሳሙና ሳይኖር፣ ጓንት እየተቆጠረ ስለ እጅ መታጠብ ምን ታሰለጥኑናላችሁ?» ቢሉ እውነት አላቸው። በዓለም ላይ ካሉ የጤና ተቋማት ግማሽ ያህሉ በሕክምናው ቦታና በመጸዳጃ ቤቱ ሳሙናና ውሃ ወይም ሳኒታይዘር አሟልተው እንደማይገኙ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 አስታውቀዋል። ይህ በነርስ ትጋት የሚሞላ ጉድለት አይደለም፤ የበጀት ጉዳይ ነው።

ኢሉባቦር ላይ ግን ነገሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስቆጫል። ጎሬና አካባቢዋ ከሀገሪቱ እጅግ ዝናባማ ከሆኑት ቦታዎች ናቸው፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 20 በ10 ሜትር የሆነ የጤና ጣቢያ ቆርቆሮ ጣሪያ በዓመት 300 ሺህ ሊትር ይቀበላል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 240 ሺህ ሊትር ይቀራል፤ በቀን ሲካፈል ከ650 ሊትር በላይ ነው። የታኅሣሥና የጥር ደረቅ ወራት እንዳሉ ሆነው፣ አሸንዳና ሁለት ሦስት ሮቶ ያለው ተቋም ለአብዛኛው ዓመት ለእጅ፣ ለወለልና ለልብስ የሚሆን ውሃ አያጣም። የአሸንዳ ዋጋ ከአንድ የአምስት ቀን ስልጠና የአበልና የአዳራሽ ወጪ ጋር ቢተያይ የትኛው ኢንፌክሽን እንደሚከላከል መፍረድ አይከብድም።

ስለዚህ ለተቃውሞው የሚሰጠው መልስ «ስልጠናው ይቅር» አይደለም። በዕቅዱ ላይ ውሃና ስልጠና በአንድ መስመር ይጻፉ ነው። ውሃ ያለ አስተማሪ ባልዲውን ይሞላል እንጂ እጁን አያጥብም፤ አስተማሪ ያለ ውሃ ደግሞ መሳቂያ ይሆናል።

ሀገሪቱ ይህን ሠርታ ታውቃለች

ዕውቀትን ከእጅ ወደ እጅ ማሻገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ተማሪ ራሳቸው አያስተምሩም፤ ፊደል የለየው ገና ለሚቆጥረው፣ ዳዊት የደገመው ለፊደል ተማሪው ያሻግራል። ማስተማሩ የራሱ ትምህርት አካል ነው፤ ሲሳሳት የኔታ ከወዲያ ማዶ ያርማሉ።

በዘመናዊው የጤና ሥርዓትም ምሳሌው ቅርብ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶችን በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ አሰማራ። በዓለም መነጋገሪያ የሆነው 16ቱ ፓኬጆች የተለየ ሳይንስ ስለያዙ አልነበረም። ሠራተኞቹ ከዚያው ማኅበረሰብ ተመረጡ፤ በአካባቢው ቋንቋ አስተማሩ፤ መጸዳጃ ቤት ስለመቆፈር ስብሰባ ላይ ከማውራት ይልቅ ግቢው ውስጥ ገብተው አስቆፈሩ፤ ማስተማር ራሱ የሥራ ድርሻቸው ተብሎ ተጻፈላቸው። ፕሮግራሙ ዛሬ የራሱ ድካም አለበት፤ ያንጊዜ የሠራው ግን ለምን እንደሠራ ግልጽ ነው። ለቀበሌው ቤት የተሠራው ለሆስፒታሉ ዋርድ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ሰኞን የሚለውጡ ነገሮች

የሚያስፈልገው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። እንዲያውም የአሜሪካ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታውን ካቋረጠ ወዲህ በለጋሾች ገንዘብ የሚደገስ የአዳራሽ ስልጠና እንደ ድሮው ይቀጥላል ብሎ ማሰብ አይቻልም። በራስ አቅም የሚቀጥል ነገር መፈለግ ግድ ነው።

አንደኛ፣ የሰለጠነ ሳይሆን የተማረ ይቆጠር። የዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት «25 አሰልጣኞች ሰለጠኑ» የሚል ሪፖርት መቀበሉን ትቶ፣ በሦስት ወር ውስጥ እያንዳንዱ አሰልጣኝ ስንት ሰው እንዳስተማረ፣ ከእነሱም ውስጥ ስንቱ የጽዳት ሠራተኛ እንደሆነ ይጠይቅ። ሰርተፍኬቱም አርብ ሳይሆን ያኔ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ አሰልጣኟ ሰዓት ይሰጣት። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለአራት ቀን በየጠዋቱ 15 ደቂቃ ተከፋፍሎ፣ በሥራ መርሐ ግብሯ ላይ በኃላፊው ፊርማ ይጻፍ። በዚያ ሰዓት ካርድ አይጠራባት። በጊዜ ያልተደገፈ አደራ ለመርሳት የተሰጠ አደራ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥልጣን ይሰጣት። ነርስ ሐኪምን «ዶክተር፣ እጅዎን» ማለት ካልቻለች ስልጠናው ቅሬታ እንጂ ለውጥ አያመጣም። ይህን ፈቃድ ሊሰጥ የሚችለው የተቋሙ ኃላፊ ብቻ ነው። የሚሰጠውም በደብዳቤ ሳይሆን በዋርድ ዙረት ላይ በሁሉም ፊት ቀድሞ እጁን በመታጠብ ነው።

አራተኛ፣ ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ። መቱ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎችን ያስተምራል፤ ተማሪዎቹም የሚለማመዱት በእነዚሁ ተቋማት ነው። አጭር፣ በሥዕል የተደገፈ፣ ማንበብ ለማትችል ሠራተኛም የሚገባ ትምህርት ማዘጋጀት ለአንድ የተማሪዎች ቡድን የሚመጥን ሥራ ነው። ባልዲ ላይ በቀለም መስመር ማስመርም ከዚያው ይቆጠራል።

አምስተኛ፣ አንድ ሰው ተመልሶ ይምጣ። መቱ ላይ ያሰለጠነው ባለሙያ ከወር በኋላ ጎሬ ወይም ያዮ ሄዶ ግማሽ ቀን አብሯት ይዋል፤ ስታስተምር ይያት፣ የተለወጠ መመሪያ ካለ ይንገራት። የኔታ ከወዲያ ማዶ ካላረሙ ንባቡ እየተጣመመ ይሄዳል። የአንድ ቀን የመኪና ነዳጅ ከአምስት ቀን አበል ይረክሳል።

እነዚህ ሁሉ ቢደረጉ ሰኞ ጠዋት ምን ይመስላል? ወረፋው ያው ነው፤ ደመወዙም አልጨመረም። ነገር ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሩብ ሰዓት ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ልብስ አጣቢዋ ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ መስመር የተሰመረበት ባልዲ ከበው ይቆማሉ። ነርሷ በረኪናውን አትበጠብጥም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ትበጠብጣለች፣ ነርሷ ታያለች። ለማዋለጃው አንድ መወልወያ፣ ለክትባት ክፍሉ ሌላ መወልወያ ይለያል። በሚቀጥለው ሰኞ አዲስ የተቀጠረች ሠራተኛ ትመጣለች፤ ባልዲውን የምታሳያትም ያችው የጽዳት ሠራተኛ ናት። መቱ ላይ የተሰጠው ስልጠና ቦታው ደረሰ የሚባለው ያን ቀን ነው።